ከተማና ተማሪ አብረው ጊዜያዊ ቅርጻ ቅርጽ ሲያቆሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የከተማ ባህልና ኪነ ጥበብ ቢሮ ከተማሪዎች ጋር ሆኖ አደባባይ ላይ ለጥቂት ወራት የሚቆም ቅርጻ ቅርጽ ሲያሠራ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ተማሪው ሥራውን ከክፍል አውጥቶ ለመንገደኛ ያሳያል። ከተማውም ለዘለዓለም የሚኖር ሐውልት ሳያቆም አዲስ ነገር ይሞክራል። እንዲህ ያለው ሥራ እንዳይበላሽ ከሚከተሉት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

"ጊዜያዊ ነው" ብሎ ነፋስን መናቅ

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉ ባልና ሚስት አርቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ 1,760 ቢጫ ጃንጥላዎችን ተከሉ። እያንዳንዱ ቁመቱ 6 ሜትር፣ ክብደቱ 200 ኪሎ ገደማ ነበር። ኃይለኛ ነፋስ አንዱን ነቅሎ አንዲት ሴት ገደለ። ሥራው ወዲያው እንዲነሳ ተወሰነ። የዚሁ ሥራ ክፍል ሆነው ጃፓን ውስጥ የቆሙት ጃንጥላዎች ሲነቀሉ ደግሞ ክሬኑ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነክቶ አንድ ሠራተኛ ሞተ። እነዚህ መሐንዲስም ገንዘብም ልምድም የነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ የተማሪውን ንድፍ የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያየው ብየዳ አይጀመር። ሰፊ ላሜራ ነፋስ ሲያገኘው እንደ ሸራ ይገፋል። መሐንዲሱን "ሦስት ልጆች ቢንጠለጠሉበትስ?" ብላችሁ ጠይቁት። መንጠልጠላቸው አይቀርም።

አስፋልትና ንጣፍ መብሳት

ከሥር የውኃ ቧንቧና የመብራት ገመድ ሊኖር ይችላል። እነዚሁ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 7,503 በሮች ለ16 ቀናት ሲያቆሙ መሬቱን አልቆፈሩም። በሮቹን መንገዱ ላይ በተቀመጡ ከባድ የብረት መሠረቶች ላይ አቆሟቸው። ለተማሪ ሥራም ወፍራም የብረት መሠረትና የኮንክሪት ብሎክ ይበጃል። ክብደቱን ግን መሐንዲሱ ይወስን።

ተማሪውን ከፈቃድ ደብዳቤው በፊት መጥራት

እዚህ ላይ ጥፋቱ የቢሮው ነው። ፈቃዱ ከቢሮ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ትራፊክ ሲመላለስ ሴሚስተሩ ያልቃል። ተማሪው ፈተና ላይ እያለ "ቦታው ተፈቀደ" ይባላል። አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ያኔ ክረምቱ ገብቷል። ካርቶንና ጂፕሰም ዝናብ አይችሉም፤ ቱቦላሬም አንቲረስት ካልተቀባ ቶሎ ይዝጋል። መጀመሪያ ቦታውን አስፈቅዱ፣ ልኩን ውሰዱ፣ ከዚያ ተማሪዎቹን ጥሩ። እውነተኛ ቦታ አይቶ የሚነድፍ ተማሪ ሥራው ይለያል።

ተማሪን በነጻ ማሠራት

"ልምድ ታገኛላችሁ" የሚባለው ነገር ያናድደኛል። የብረቱ፣ የብየዳው፣ የአይሱዙው ኪራይ ከተማሪ ኪስ መውጣት የለበትም። ለሐሳቡም ይከፈል። ስሙ በሥራው አጠገብ ይጻፍ፤ ቅርጹን ሳይጠይቁት አይቀይሩበት። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአመንጪው የሞራል መብት ይሰጠዋል።

የአካባቢውን ሰው አለማናገር

የቀራፂው የሪቻርድ ሴራ 36 ሜትር የሚረዝም የብረት ግድግዳ ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 ቆሞ በ1989 ተነሳ። እዚያው የሚሠሩ ሰዎች አደባባዩን ዘጋብን ብለው አምርረው ነበር። ሊስትሮውን፣ ቡና የምታፈላዋን፣ ጥበቃውን ጠይቁ። ሰው በየት እንደሚያቋርጥ፣ ውኃ የት እንደሚተኛ ያውቃሉ።

ማንሻውን ሳያስቡ ማቆም

ወራቱ ሲያልፍ ተማሪው ተመርቋል፣ ስልኩም አይነሳም። ቅርጹ ይዝጋል፣ ፖስተር ይለጠፍበታል። ነዋሪው ቀጣዩን ሥራ እንቢ ቢል አይፈረድበትም። የማንሻው ቀን፣ የሚያነሳው ሰው፣ የመኪናው ወጪ እና ቅርጹ ተማሪው ጋ ይሂድ ወይስ ብረቱ ይሸጥ የሚለው ሁሉ ከመጀመሪያው ውል ላይ ይስፈር። የማንሻው ገንዘብም ሥራው ሳይጀመር ለብቻው ይቀመጥ።