ፕሮጀክተር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ፕሮጀክተር ከተሰቀለ በኋላ የሚነሳው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ብልሽት የመጣ አይደለም። ከቦታው፣ ከክፍሉ ብርሃን ወይም ከኬብሉ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማሽን ከመቀየር በፊት ሜትር ይዞ መለካት ይሻላል። ገና ለመግዛት የሚያስብም ከታች ያሉትን ችግሮች አስቀድሞ ቢያያቸው ብዙዎቹ አይገጥሙትም።

ምስሉ ከስክሪኑ ያንሳል ወይም ያልፋል

መንስኤው ርቀቱ ነው። እያንዳንዱ ሌንስ ትሮው ሬሾ የሚባል ቁጥር አለው፤ ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ለምስሉ ወርድ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ባለ 100 ኢንች ሰፊ ስክሪን (16 በ9) ወርዱ 2.21 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር ነው። መመሪያው ላይ 1.2–1.5 ከተጻፈ ሌንሱ ከስክሪኑ ከ2.65 እስከ 3.3 ሜትር ባለው ቦታ ውስጥ መዋል አለበት። ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ ነው እንጂ ከኋላው ግድግዳ አይደለም። የማሽኑ አካል፣ የኬብሉ መታጠፊያና የአየር ማለፊያው ከክፍሉ ርዝመት ግማሽ ሜትር ያህል ሊወስዱ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ክፍሉ አጭር ከሆነ መፍትሄው ትሮው ሬሾው ከ1 በታች የሆነ ሾርት ትሮው ማሽን ነው። ከ0.4 በታች የሆነው አልትራ ሾርት ትሮው ስክሪኑ ሥር ይቀመጣል፤ ነገር ግን በትንሹም የሚጨማደድ ተጠቅላይ ስክሪን ላይ መስመሮችን ያጣምማል። ለእሱ በፍሬም ላይ የተወጠረ ስክሪን ያስፈልጋል።

ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል

ሌንሱ ወደ ላይ ስላዘነበለ ነው፤ ወደ ታች ካዘነበለ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሁሉም ሰው ቶሎ የሚጫነው ኪስቶን የሚባለውን ማስተካከያ ነው። ችግሩ ይህ ማስተካከያ ምስሉን በዲጂታል መንገድ ቆርጦ ማጥበቡ ነው፤ ጥቅም ላይ የሚውለው ፒክስል ይቀንሳል፣ ፊደላት ይደበዝዛሉ፣ በምስሉ ዙሪያም ግራጫ ብርሃን ይቀራል። ኪስቶን ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ብቻ የሚነካ ነገር ነው።

ትክክለኛው መንገድ ይኸውና። ኪስቶኑን ወደ 0 መልሱ። ማሽኑን በውሃ ልክ አስተካክሉና ወደ ስክሪኑ ቀጥ አድርጉ። ከዚያ ከፍታውን ቀይሩ። ብዙ ፕሮጀክተሮች ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ምስሉን ከሌንሱ ከፍ አድርገው ይጥሉታል፤ ስለዚህ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀሉት ተገልብጠው ነው፣ ምስሉም ከሌንሱ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ሜኑው ውስጥ የኮርኒስ አቀማመጥ ካልተመረጠ ምስሉ ተዘቅዝቆ ይታያል። ሌንስ ሺፍት ያለው ማሽን ሌንሱን ራሱን ስለሚያንቀሳቅስ ምስሉን ሳይጎዳ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ መስቀያ ቦታው አስቸጋሪ ለሆነ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ባሕርይ ይህ ነው።

ለግራና ቀኝ ደግሞ ከሌንሱ እስከ ሁለቱ የስክሪን የላይ ጥጎች በሜትር ለኩ። ሁለቱ ርቀቶች እኩል ከሆኑ ሌንሱ መሃል ነው። የማሽኑን መሃል አትከተሉ፤ ሌንሱ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው ያለው።

ምስሉ ፈዛዛ ነው

መጀመሪያ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ አጨልማችሁ እዩት። ጨለማ ውስጥ ጥሩ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የክፍሉ ብርሃን ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር ማብራት አይችልም። ማሽኑ ጠፍቶ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቀለም፣ ፊልሙ ውስጥ የሚኖራችሁ «ጥቁር» እሱ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ሉመኑን (ማሽኑ የሚያወጣውን የብርሃን መጠን) በስክሪኑ ስፋት አካፍሉ። 2,000 ሉመን ለ2.76 ካሬ ሜትር (ከላይ ላለው ባለ 100 ኢንች ስክሪን) ሲካፈል 725 ሉክስ ያህል ይሰጣል፤ ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። ስክሪኑ ላይ 200 ሉክስ የክፍል ብርሃን ካረፈ ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው 4.6 ጊዜ ብቻ ነው። 4,000 ሉመን ያለው ማሽን ቢገዛ 8 ጊዜ ገደማ ይደርሳል። በዚያው በ2,000ው ማሽን ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሎ የክፍሉ ብርሃን ወደ 20 ሉክስ ቢወርድ ግን 37 ጊዜ ይሆናል። መጋረጃው ሉመኑን እጥፍ ከማድረግ በብዙ ይበልጣል። ስክሪኑ አጠገብ ያሉትን አምፖሎች ለብቻቸው በሚጠፉበት መስመር መለየትም ብዙ ይረዳል።

በጨለማም ፈዛዛ ከሆነ ካርቶኑን ተመልከቱ። አንሲ (ANSI) ወይም አይኤስኦ (ISO) የሚል የሉመን መለኪያ ደረጃ ከሌለበት፣ በትንሽ ማሽን ላይ የተጻፈ የሺዎች ሉመን ቁጥር ስክሪን ላይ የሚደርሰውን ብርሃን አይነግራችሁም። ቀጥሎ ኢኮ ሞድ (ብርሃን ቀንሶ ኃይል የሚቆጥበው አሠራር) በርቶ እንደሆነ እዩ፤ ፊልተሩን (የአየር ማጣሪያውን) እና የሌንሱን አቧራም አጽዱ። በመጨረሻ የአምፖሉን ሰዓት ከሜኑው አንብቡ። የአምፖል ዕድሜ በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ነው፤ የሚቆጠረውም ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ እንጂ እስኪቃጠል አይደለም። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ካደላ ደግሞ በጣም ደማቁ ሞድ ላይ ነው ያለው፤ ወደ ሲኒማ ሞድ ቀይሩት፣ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ቀለሙ ይስተካከላል።

ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ነጭ ነጥቦች ይታያሉ

የፕሮጀክተሩን ሜኑ ክፈቱ። ሜኑው ንጹሕ ሆኖ ከጀርባው ያለው ምስል ብቻ ከተበላሸ ችግሩ ከኬብሉ ወይም ከላኪው መሣሪያ ነው። ሜኑውም ላይ ቦታቸውን የማይለቁ ነጥቦች ካሉ ግን ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ነው፤ በዲኤልፒ ማሽን (ምስሉን በቺፕ ላይ ባሉ ጥቃቅን መስታወቶች በሚሠራው) ከሆነ የምስል ቺፑ እያረጀ ነው ማለት ነው፣ መፍትሄውም ቺፑን መቀየር ነው።

ለኬብሉ፦ ላፕቶፑን አጠገቡ አምጥታችሁ በ2 ሜትር ኤችዲኤምአይ ሞክሩ። ከተስተካከለ ጥፋተኛው ረጅሙ ኬብል ነው። ተራ የመዳብ ኬብል ለ1080ፒ እስከ 10 ሜትር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ 4ኬ በ60 ኸርትዝ ግን ከ5 ሜትር በላይ አያስተማምንም። ለረጅም መስመር ኦፕቲካል ኤችዲኤምአይ (ምስሉን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) ግዙ። እሱ አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፍ ለላኪው፣ ሌላው ለፕሮጀክተሩ ነው፣ ከተገለበጠ ምንም አያሳይም። ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት ሞክሩት፤ የሚያልፍበት ቱቦም የኬብሉን ጭንቅላት የሚያሳልፍ ይሁን።

አንዱ ጥግ ብቻ ይደበዝዛል

ማሽኑ ከስክሪኑ ጋር ቀጥ አላለም፣ ወይም ሌንሱ ሳይሞቅ ነው ፎከስ የተደረገው። ከ20–30 ደቂቃ አብርታችሁ እንደገና ፎከስ አድርጉ።

ሞቆ ይጠፋል

ፊልተሩ ተደፍኗል፣ ወይም ማሽኑ ዝግ መደርደሪያ ውስጥ ነው ያለው። ትኩስ አየር በሚወጣበት በኩል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተው። ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ ሜኑው ውስጥ ያለውን የከፍታ ቦታ ሞድ አብሩ፣ ፋኑ ይጮኻል እንጂ ማሽኑ ይድናል። ባለ አምፖሉን ፋኑ ሳይቆም ከሶኬት አትንቀሉ። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ይሁን።

ሰው ሲራመድ ምስሉ ይንቀጠቀጣል

መስቀያው ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ብቻ ታስሯል፣ ወይም ዘንጉ በጣም ረጅም ነው። በፊሸር ከኮንክሪቱ ወይም በብሎን ከእንጨቱ ወራጅ ጋር እሰሩት። ማሽኑን ከመስቀያው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በመመሪያው ከተጻፈው ጥልቀት አይለፉ፤ የረዘመ ብሎን ውስጡን ይነካል።