ከጅሬን ጭቃ በኋላ፦ የማውንቴን ሳይክል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጅማ ላይ ማውንቴን ሳይክል የሚነዳ ሰው ከጭቃ ጋር መኖር መልመድ አለበት። ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘልቃል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጥላል። ቀዩ አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ሲደርቅ ደግሞ እንደ ዱቄት ቦንኖ በየቀዳዳው ይገባል። ወደ ጅሬን ወጥተን ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች ባሉት የቡና መንገዶች ስንወርድ፣ ቤት የምንደርሰው የሳይክላችን ቀለም ጠፍቶ ነው።

«ይሄ ዕቃ ይቀየር?» ብሎ ሳይክሉን ይዞ ለሚመጣ ወዳጅ ሁሌም መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ ጭቃው የት እንደገባ እንይ። ቀጥሎ በምን እንደታጠበ ንገረኝ። ጥሩ መለዋወጫ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከአዲስ አበባ ነው፤ ውድም ነው። በግምት ተገዝቶ ያልሆነ ካሴት (የኋላ ጎማ ላይ ያሉት ክብ ጥርሶች ስብስብ) ደግሞ ተመላሽ የለውም።

ዳገት ላይ ካቴናው ይዘላል፣ ማርሹ አልገባ ይላል

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው። ምክንያቱ አንድ ስላልሆነ ሳይቸኩሉ መለየት ያስፈልጋል።

ማርሹ ወደ ትልቁ ጥርስ በደንብ እየወጣ፣ ወደ ትንሹ ሲመለስ ግን የሚዘገይ ከሆነ ካቦውን ጠርጥሩ። ወደ ትንሹ ጥርስ የሚመልሰው የዲሬለሩ፣ ማለትም ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው ዕቃ፣ ሞላ ብቻ ነው። በካቦው ሽፋን ውስጥ ጭቃ ካለ ሞላው ካቦውን መሳብ ያቅተዋል። ካቦውን አውጥታችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ሽፋኑ ውስጥ ዝገት ካለ ግን ሁለቱንም ቀይሯቸው። ከሁሉም መለዋወጫ ርካሹ ይሄ ነው፤ ለውጡም ወዲያው ይታወቃል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ከሆነስ? ማለትም ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት ካቃተው ካቦው ላልቷል ማለት ነው። ካቦው ዲሬለሩ ወይም መቀየሪያው ጋ ሲገባ ያለችውን ማስተካከያ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር አዙሩና ሞክሩ። ካልበቃ ሌላ ሩብ ጨምሩ።

አንዱን ጥርስ ብታስተካክሉ ሌላው የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ ሀንገሩን እዩ። ሀንገር የምንለው ዲሬለሩ ከፍሬሙ ጋር የሚታሰርበትን ትንሽ ብረት ነው። ከሳይክሉ ኋላ ቁሙና ዲሬለሩን ተመልከቱት። ከጥርሶቹ ጋር ትክክል ቆሞ ካልታየ ተጣሟል። እኔ አንድ ክረምት ይህን ሳላይ ካቴናና ካሴት ገዛሁ። አዲሱም ዘለለ። ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ላዩ ላይ ጆንያ ተጭኖበት እንደመጣ ያስታወስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳይክል በመኪና ስትጭኑ በግራ ጎኑ አስተኙት፤ ሲወድቅ በቀኝ ከወደቀም መጀመሪያ ሀንገሩን እዩ።

በየትኛውም ጥርስ ላይ፣ እኩል ጊዜ እየጠበቀ «ቀጭ» የሚል ከሆነ ከካቴናው መገጣጠሚያዎች አንዱ ደርቋል። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ስታዞሩ ያ ቦታ ዲሬለሩ ላይ ሲደርስ ሳይተጣጠፍ ያልፋል። በእጃችሁ ወደ ጎንና ጎን አፍታቱትና ዘይት ጠብ አድርጉበት።

የመጨረሻው ምክንያት ማለቅ ነው፤ ይህ ደግሞ በማስመሪያ ይለካል። ከአንዱ ፒን መሀል ጀምራችሁ እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሀል ለኩ። አዲስ ካቴና 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። ከኋላ 10 ወይም ከዚያ ያነሰ የማርሽ ደረጃ ላለው ሳይክል 30.7 ሲደርስ ይቀየራል። ባለ 11ና ባለ 12 ከሆነ 30.6 ካለፈ አትጠብቁ። 30.8 እስኪደርስ ከተነዳ ካሴቱንም በልቶታል፤ ያኔ ሁለቱ አብረው ይገዛሉ። የካቴና ወጪ የሁለት ዕቃ ወጪ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ካቴናው ቶሎ የሚያልቀው ለምን እንደሆነም ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ጋራዥ ሄደን የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነጻ እንለምናለን። ያ ዘይት የብረት ብናኝ አለበት። ወፍራም ስለሆነም ቀዩን አቧራ ሰብስቦ ይይዛል። ሁለቱ ተቀላቅለው ካቴናውን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ብቻ አድርጉ። ፔዳሉን አዙራችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ፤ ከውጭ የሚታየው ዘይት ለአቧራ ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም። የሳይክል ዘይት ካጣችሁ የስፌት መኪና ዘይት ይሠራል። ቀጭን ስለሆነ ግን አንድ ዝናብ ያጥበዋል፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ መድገም አለባችሁ።

ፍሬኑ ይጮኻል፣ ቁልቁለት ላይ አይዝም

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የጅሬን ቁልቁለት ላይ ባጃጅም፣ ከብትም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅም አለ።

ዲስኩ ሲረጥብ ጮኾ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትይዙት ዝም የሚል ከሆነ ችግር የለም። ደርቆም የሚጮህና የመያዝ አቅሙ የቀነሰ ከሆነ ግን ሸራው ዘይት ነክቶታል። ከየት መጣ? ወይ ካቴናው ላይ ከበዛው ዘይት፣ ወይ ከላቫጆ። መኪና ሲታጠብ ከሥር ናፍታ የሚረጭበት ቦታ ሳይክል ማሳጠብ ፍሬኑን መግደል ነው።

ዲስኩን በንጹህ ጨርቅና ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉት። ቅባት ያለበት የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም። ሸራውን አውጥታችሁ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈግፍጉት። ከዚያ ሜዳ ላይ ፈጠን እያላችሁ፣ ልትቆሙ እስክትቃረቡ እየያዛችሁ 20 ጊዜ ያህል አለማምዱት። ከዚህ በኋላም ከጮኸ ዘይቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ ሸራው ይቀየር። ከብረቱ ላይ የቀረው ሸራ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነም ይቀየር።

ስትቀይሩ ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ለኛ ጭቃ ይሻላል፤ ለስላሳው በአንድ ክረምት ያልቃል። ግን ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አንዳንድ ዲስክ ለስላሳውን ሸራ ብቻ ነው የሚቀበለው።

ማንሻው እስከ መሪው ድረስ የሚገባ ከሆነና ፍሬኑ የዘይት ከሆነ ውስጡ አየር ገብቷል ወይም ዘይት ያፈሳል። እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የሺማኖ ፍሬን የሚሠራው በሚኒራል ዘይት ነው። የስራም ፍሬን በአብዛኛው በዶት፣ ማለትም መኪና በሚጠቀምበት የፍሬን ዘይት ዓይነት ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የምታገኙት ዶት 4 ነው፤ እሱ ሺማኖ ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። አንድ ጓደኛዬ ላይ ይህ ደርሶ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። የሚፈለገው የዘይት ዓይነት በአብዛኛው የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ሳታነቡ ማንም ሰው እንዳይሞላላችሁ። ጎማውን ካወጣችሁ በኋላም ማንሻውን አትጫኑ፤ ፒስተኖቹ ወጥተው ጎማው አልገባ ይላችኋል።

ስትነዱ «ሲጥ ሲጥ» ይላል

ድምፁ ፍሬም ውስጥ ስለሚዞር ጆሮ ያታልላል። ስለዚህ እየቀነሳችሁ ፈልጉ። ከመቀመጫው ተነስታችሁ ስትነዱ ከጠፋ መቀመጫው ወይም ቱቦው ነው። በአንድ እግር ብቻ ከመጣ ፔዳሉ ነው። አውጡ፣ አጽዱ፣ የብሎኑን ጥርስ ግራሶ ቀቡና መልሱ። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው፣ በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ ይህን ረስቶ ጥርሱን የላጠ ሰው ብዙ ነው።

ሁለቱም ካልሆኑ ካቴናውን ከፊት ጥርስ አውርዳችሁ የፔዳሉን ክንድ አዙሩ። አሸዋ የሚፈጭ ከመሰላችሁ፣ ወይም ክንዱን ይዛችሁ ወደ ጎን ስትገፉት ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። አብዛኛውን ጊዜ የጨረሰው አነዳዳችሁ አይደለም፤ የላቫጆው የውሃ ግፊት ነው። ግፊቱ ግራሶውን አስወጥቶ በቦታው ቀይ ውሃ ይከታል።

ጎማው ይተነፍሳል

ካላማዳሪያውን ከመለጠፋችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱ። የአጋም እሾህ ጫፍ ተሰብሮ እዚያው ይቀራል፤ የለጠፋችሁትንም በማግስቱ ይበሳል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ግን እሾህ አይደለም። ንፋሱ አንሶ ጎማው በድንጋይ ወይም በተጎነደለ የቡና ጉቶ ላይ ተመትቷል።

ብዙ ማስነፋትም መፍትሄ አይሆንም። ጎሚስታው በለመደው ልክ ድንጋይ እስኪመስል ይነፋዋል፤ እርጥብ ሥር ላይ ወዲያው ያንሸራትታችኋል። ክብደቱ 70 ኪሎ አካባቢ ለሆነ ሰው በካላማዳሪያ ከ28 እስከ 32 ፒ ኤስ አይ ይበቃል።

የፊት ፎርኬላው ደርቋል፣ አይተጣጠፍም

የሚንሸራተተው ቱቦ ላይ የደረቀ ጭቃ ጎሚኒውን ይቆርጣል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሁለቱን ቱቦ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ሮክሾክስ የተባለው ፎርኬላ ላይ የታችኛው እግር ሰርቪስ በየ50 የመንዳት ሰዓቱ ነው። በክረምት እኔ ከዚያ ቀደም ብዬ እከፍተዋለሁ።

እጥበቱን ባልዲና ስፖንጅ ይዛችሁ ቤት አድርጉት። ጭቃው ሳይደርቅ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ያለ ግፊት። ሲያልቅ ሳይክሉን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁሙትና ካቴናው ሲደርቅ ዘይቱን አድርጉ። ፀሐይ በሌለበት የሐምሌ ቀን ደረቅ ጨርቅ ያዙና ካቴናውን ጨርቁ ውስጥ እያሳለፋችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ፤ ጨርቁ ውሃ ማውጣት ሲያቆም ዘይቱን መጀመር ትችላላችሁ።