ውሃ ውሃ ይል የነበረው የጀሪካን ቲማቲሜ

ደሴ ውስጥ በጓሮዬ ቲማቲም ስተክል ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የአምናው መልኩ ቀይ፣ ውስጡ ግን ውሃ ነበር፤ ለስልስ እንኳን አልሆነም። ከኮምቦልቻ ልትጠይቀኝ የመጣችው አክስቴ አንዱን ቀምሳ፣ «ልጄ፣ ይህ ቲማቲም ነው ወይስ ዱባ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። በ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ተክዬ ማታ ማታ ሳላሰልስ አጠጣለሁ፤ ዩሪያውንም ሳልሰስት እበትናለሁ። ዩሪያ ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ ነውና ቅጠሉን አገነነው እንጂ ፍሬውን አላጣፈጠውም።

ዘንድሮ የ20 ሊትር ጀሪካን አፉን ቆርጬ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር በሳሁት። አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት የወንዝ አሸዋ ቀላቅዬ ሞላሁት። የደሴ ሌሊት ብርዳም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሚያገኘው የድንጋይ ግድግዳ ሥር አስጠጋሁት፤ ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ማታ ይመልሳል።

ትልቁ ለውጥ ግን ከውሃው መጣ። ጠዋት ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ እከታለሁ። እርጥበት ከተሰማኝ ጣሳውን ይዤ እመለሳለሁ፤ ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጣለሁ። ፍሬው መቅላት ሲጀምር መጠኑን እቀንሳለሁ፤ ውሃ ሲበዛ ጣፋጭነቱ ይቀጥናል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። እስኪጠወልግ ማስጠማትም አይገባም፤ አንድ ሰሞን አስጠምቼ ድንገት ባጥለቀልቀው የፍሬዎቹ ታች ጠቁሮ በሰበሰ።

የበሰለውን ፍሪጅ ውስጥ አላስገባም፤ ቅዝቃዜ መዓዛውን ይገድለዋል። ባለፈው እሁድ በቃሪያና በጨው ብቻ ከትፌ ለአክስቴ አቀረብኩላት። ምንም አላለችም፤ ሳህኑን ግን ወደ ራሷ ሳበችው።