ኮምፒውተር የሞላበት መኪና ይዞ ወሎ ላይ መንዳት፦ ምኑን ልመን፣ ምኑን ላጥፋ?

መኪናችሁ የቆየ ቪትዝም ይሁን ትናንት የገባ ኤሌክትሪክ፣ ውስጡ ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ አይደለም። ሞተሩ የራሱ አለው። ፍሬኑ የራሱ አለው። ኤርባጉ፣ መሪው፣ በሩ፣ ቴፑ ሳይቀር እንደ መኪናው ዓይነት የየራሳቸው ሊኖራቸው ይችላል። ቁልፉ ከተከፈተ ጀምሮ እርስ በርስ ያወራሉ። የሚያወሩበት መስመር በብዙው መኪና ላይ «ካን» ይባላል፣ የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው ነው።

ካን የሚሠራው ገበያ መሃል እንደቆመ አዋጅ ነጋሪ ነው። አንዱ ይለፍፋል፣ ሁሉም ይሰማል፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ይሠራበታል። «አንተ ማነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ይቺን ያዙልኝ፣ ወደታች ትፈለጋለች።

ጥቅሙ ትልቅ ነው። ጎማው ላይ ያለው ሴንሰር ጎማው ስንት እንደሚሽከረከር ሲናገር ኤቢኤሱ (አጥብቃችሁ ፍሬን ስትይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ይሰማል፣ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ሲስተም ይሰማል፣ ያዘዛችሁትን ፍጥነት ይዞ የሚሄደው ክሩዝ ኮንትሮልም ይሰማል። ግጭት ሲደርስ ደግሞ የኤርባጉ ኮምፒውተር ወሬውን ያሰማል፤ በብዙ መኪኖች ላይ ወዲያው የነዳጅ ፓምፑ ይቆማል፣ የተቆለፈው በር ይከፈታል። ይሄ ሰው ያተርፋል። እኔ በበኩሌ ክረምት ላይ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ያለ ኤቢኤስ መውረድ አልፈልግም። ስለዚህ «የድሮ መኪና ይሻል ነበር» የሚለው ወሬ አይመቸኝም። የሚሻለው ይሄ ሲስተም መቼ እንደሚረዳችሁ፣ መቼ ዓይኑ እንደሚጠፋና ከእናንተ ሌላ ማን ሊያዘው እንደሚችል ማወቅ ነው።

መጀመሪያ መብራቶቹን ልመዱ

ቁልፉን ክፈቱና ሞተር ሳታስነሱ ክሩስኮቱን እዩት። መብራቶቹ በርተው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ አብዛኞቹ መጥፋት አለባቸው። ቼክ ኢንጂን ሞተር እስኪነሳ ይቆያል፣ ጤነኛ ነው። የኤርባጉ መብራት ጭራሽ ካልበራ ግን ሆን ብሎ ያጠፋው ሰው ሊኖር ይችላል። ተጋጭተው የተጠገኑ መኪኖች ላይ ይሄ ይደረጋል፤ ኤርባጉ ፈንድቶ አዲስ ሳይገባለት መብራቱ ብቻ ዝም ይባላል። ልጆቻችሁን የምትጭኑበት መኪና ከሆነ ይቺን ነገር በዋዛ አትለፏት።

ቀይ መብራት ሲበራ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ቢጫ ሲሆን ጊዜ አላችሁ፣ ግን ወር ሙሉ አይደለም። ከቢጫዎቹ አንድ ለየት ያለ አለ፦ ቼክ ኢንጂን ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ከሲሊንደሮቹ አንዱ በትክክል እያቃጠለ አይደለም፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ደግሞ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ጭስ ማጣሪያ (ካታሊስት) እያቃጠለው ነው። እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ። ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ካለ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ደሴ ድረስ ዳገቱን አትውጡበት፣ እዚያው አሳዩት።

ሦስት አራት መብራት ባንዴ ሲበራ ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ አንዳንድ ጋራዥም ድንጋጤውን አይቶ ሂሳቡን ይቆልላል። አብሽሩ። የኤቢኤስ፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውና የዳገት መያዣው መብራት አብረው ከበሩ፣ ሦስቱም የሚሰሙት ያንኑ የጎማ ሴንሰር ስለሆነ የተበላሸው አንድ ነገር ሊሆን ይችላል። ጭቃ ውስጥ ከርማችሁ ከወጣችሁ ጎማውን ከውስጥ በኩል አሳጥቡ፣ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ሽቦ ተቆርጦ እንደሆነ አሳዩ። ሌላው የተለመደ ምክንያት የደከመ ባትሪ ነው፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፒውተሮቹ ግራ ይጋባሉ፣ ሁሉም ባንዴ ይጮኻል። የባትሪው ጫፍ ላልቶ እንደሆነ ማየት ብር አያስወጣም። ኤቢኤሱ እስኪሠራ ድረስ ዋናው ፍሬን በአብዛኛው እንደ ድሮው ይይዛል፣ ግን አጥብቃችሁ ስትረግጡ ጎማው ሊቆለፍ ስለሚችል ቁልቁለቱን ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

የራሳችሁን መመርመሪያ ግዙ። ከመሪው ሥር 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ያደረገችው ነው፣ ዛሬ በነዳጅ በሚሠሩ መኪኖች ሁሉ ላይ አለ ማለት ይቻላል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ርካሽ መመርመሪያ እዚያ ላይ ሰክታችሁ ኮዱን ታያላችሁ። ኮዱ በፒ ከጀመረ የሞተርና የካምቢዮ ነገር ነው፣ በሲ ከጀመረ የፍሬንና የመሪ፣ በቢ ከጀመረ የኤርባግና የቦዲ። በዩ ከጀመረ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ መደማመጥ አቅቷቸዋል ማለት ነው። ዩ ያያችሁ ጊዜ «ኮምፒውተሩ ሞቷል፣ ይቀየር» ለሚላችሁ ሰው ቶሎ እሺ አትበሉ። መጀመሪያ ፊውዝ፣ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ከቦዲ ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ ይታይ። ኮምፒውተር የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። መካኒኩ ጋ ስትሄዱ ደግሞ «ስንት ቁጥር አወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጽፋችሁም ያዙ።

ሐረጎ፣ ጉምና ግመል

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አዳዲሶቹ መኪኖች የፊት መስታወቱ ላይ ከውስጠኛው የኋላ ማያ መስታወት (ስፔኪዮ) ጀርባ ካሜራ አላቸው፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከፊት አርማው ወይም ከፓራውልቱ ጀርባ ራዳር አላቸው። ፊት ያለው መኪና ቀረብ ሲል ራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ፣ መስመር ስትለቁ መሪውን ገፋ ያደርጋሉ። የተቀባ መስመር ባለበት ሰፊ አስፋልት ላይ ቆንጆ ናቸው። የኛ መንገድ ግን ሌላ ነው።

የመስመር ጠባቂው ቀለም ካላየ አይሠራም። መስመሩ በጠፋበት ወይም ግማሽ ጎኑ በተቆረሰ አስፋልት ላይ ደግሞ ጥገናው የተወውን ስንጥቅ መስመር አድርጎ ሊይዘው ይችላል፤ ጉድጓድ ለማለፍ ስትጠመዝዙ መሪውን መልሶ ሲጎትትባችሁ ያስደነግጣል። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ አጥፉት። ማጥፊያው ብዙ ጊዜ መሪው ላይ ወይም ስክሪኑ ውስጥ ነው፣ ግን ጉዞ ላይ ሆናችሁ አትፈልጉት፣ ከመነሳታችሁ በፊት ቆማችሁ ፈልጉት።

ከፊት ያለውን መኪና እየተከተለ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ክሩዝም ጠመዝማዛ ላይ አይሁን። ከፊታችሁ ያለው ሲኖትራክ ኩርባውን ሲዞር ከራዳሩ እይታ ሊወጣ ይችላል። ያኔ መኪናችሁ «መንገዱ ነፃ ነው» ብሎ ወዳዘዛችሁት ፍጥነት መሮጥ ይጀምራል። ሐረጎ ላይ ይሄን ማሰብ እንኳ አልፈልግም።

ጉሙ ደግሞ አለ። ክረምት ላይ የደሴው ጦሳ ተራራ ሲሸፈን የእናንተ ዓይን ያላየውን ካሜራውም አያየውም። ራዳሩ ጉም ውስጥ ይሻላል፣ ግን አርማው ላይ ጭቃ ከተለጠፈ እሱም ይታወራል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ስትወጡ መብራቱን ስትጠርጉ አርማውንም ጥረጉት፣ ካሜራው ፊት ለፊት ያለውን መስታወትም እንዲሁ። «ሲስተሙ ለጊዜው አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ከመጣ መኪናው እውነቱን እየነገራችሁ ነው፣ ፍጥነት ቀንሱ።

ከብት ላይም አትመኑት። ራሱ ፍሬን የሚይዘው ሲስተም በአብዛኛው የተሠራው መኪና፣ እግረኛና ብስክሌት እንዲለይ ነው። ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚነዳው ግመል፣ ከመርሳ ወዲያ ድንገት አስፋልት የሚያቋርጠው አህያ ላይ ይቆምልኛል ብላችሁ አትቁጠሩ። እነሱ ላይ የሚሠራው የእናንተ እግር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። የፊት መስታወት ተሰብሮ ስትቀይሩ ካሜራው ከቦታው ይነሳል። ተመልሶ ሲገባ ትንሽ ቢያዘነብል እንኳ ሩቅ ያለውን ነገር የሚያየው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ በመሣሪያ እንደገና መስተካከል አለበት። ይሄን የሚሠራላችሁ እስክታገኙ ሲስተሙን አጥፍታችሁ ንዱ።

የጎማ ንፋስ መብራቱን በተመለከተ አጭር ነገር፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ የጎማው ንፋስ ወደ ሁለት ፒኤስአይ ይቀንሳል። ቀን ከሚሴ ሙቀት ላይ የተሞላ ጎማ ሌሊቱን ደሴ ብርድ ላይ ካደረ ጠዋት መብራቱ ቢበራ አይግረማችሁ። ግን ገምታችሁ አትተዉት፣ ጎሚስታ ጋ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩት።

ኤሌክትሪክ የያዛችሁ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በዝቷል። እነዚህ ከሌላው ይበልጥ ኮምፒውተር ናቸው። እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው ከ500 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ ይሄ ትልቅ ሲሳይ ነው። ችግሩ ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ መኪናው ይሄን የመያዝ ጉልበት ይቀንሰዋል፣ ሸክሙ ሁሉ ወደ ተለመደው ፍሬን ይሄዳል። ደሴ አድራችሁ ጠዋት ቁልቁል የምትወርዱ ከሆነ 90 በመቶ ላይ አቁሙት። መሙያ አፑ ላይ ወይም ስክሪኑ ላይ ገደቡን ማስገባት ይቻላል።

ስክሪኑ የሚነግራችሁን ቀሪ ኪሎ ሜትርም እንደ ቃል ኪዳን አትውሰዱት። የሚያሰላው አብዛኛውን ቅርብ ጊዜ ከነዳችሁት ነው። ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ብዙ ይላል። ያንኑ አምናችሁ መልሳችሁ ዳገቱን ስትወጡ ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል። ሰፊ መጠባበቂያ ይዛችሁ ውጡ።

ከውጭ ለሌላ አገር ገበያ ተሠርተው የመጡት ላይ ሌላ ነገር አለ። ውስጣቸው ያለው ሲም የዚያ አገር ስለሆነ አፑ፣ ከርቀት መክፈቱ፣ ዝመናው ብዙ ጊዜ እዚህ አይሠራም። የአደጋ ጊዜ መደወያ ቁልፉም እንዲሁ። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2018 መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ ሞዴሎች ግጭት ሲደርስ ራሳቸው ወደ 112 ይደውላሉ። እዚህ ያ ቁልፍ ያድነኛል ብላችሁ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን ስልካችሁ ላይ ያዙ፣ ካርታውንም ኔትወርክ ባለበት ቦታ ቀድማችሁ አውርዱት።

ከእናንተ ሌላ ማን ያዘዋል?

ያቺን «አንተ ማነህ?» የማይባልባትን መስመር አስታወሳችሁ? እ.ኤ.አ. በ2015 ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ ጂፕ ቼሮኪን ቤታቸው ቁጭ ብለው በኢንተርኔት አዘዙት። የገቡት በመዝናኛው ስክሪን በኩል ነው። ከዚያ ወደ ካን ተሻገሩ፣ መኪናውን ጉልበት አሳጡት። ኩባንያው 1.4 ሚሊዮን መኪና ለማስተካከል ጠራ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎቹ በሩን አጥብቀዋል።

እኛ ጋ ግን በሩን የምንከፍተው ራሳችን ነን። መመርመሪያውን ሰክታችሁ አትተዉት፤ ርካሾቹ በሚስጥር ቁጥር የሚጠበቁ ቢመስሉም ብዙዎቹ 1234 ናቸው፣ አጠገብ የቆመ ሰው ሊገባባቸው ይችላል። ከጨረሳችሁ ንቀሉት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ መኪናው የት እንዳለ የሚከታተለውና ከርቀት ሲታዘዝ ሞተር የሚያጠፋው ጂፒኤስ ነው። መኪናቸውን ለሹፌር የሚሰጡ ባለንብረቶች ያስገጥሙታል፣ ለሌባ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን የት ላይ እንደተገጠመ ጠይቁ። በጉዞ ላይ የነዳጅ ፓምፕ የሚቆርጥ ከሆነ ሞተሩ ኩርባ መሃል ሊጠፋ ይችላል። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ሲታዘዝ የማስነሻውን መስመር ብቻ የሚቆርጥ አድርጋችሁ አስገጥሙት፤ መኪናው ከቆመ በኋላ ዳግም አይነሳም፣ የሚነዳውን ግን አይገድለውም። የሚስጥር ቁጥሩንም ቀይሩ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ 123456 ናቸው፣ ያንን ደግሞ የማያውቅ የለም።

ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖ በር የሚከፍት መኪና ካላችሁ ሌቦች የቁልፉን ሲግናል በመሣሪያ አራዝመው ሊከፍቱት ይችላሉ። ሆቴል ስታድሩ ቁልፉን ክዳን ያለው የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አስቀምጡት። ጣሳውን ይዛችሁ መኪናው አጠገብ ቁሙና በሩን ሞክሩት፤ ካልተከፈተ ጣሳው ይሠራል።

ያገለገለ ስትገዙ

ደላላው «ንጹሕ ናት» ሲላችሁ መመርመሪያችሁን ስኩ። ኮድ ባይኖርም አትቸኩሉ። ኮዱ ከጠፋ ወዲህ መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚያሳይ ቁጥር በብዙ መኪኖች ላይ አለ። 12 ኪሎ ሜትር ካለ ትናንት ወይም ዛሬ ጠዋት አጥፍተውታል። ራስን የመፈተሻ ዝርዝሩም «አልተጠናቀቀም» ካለ እንደዚያው ነው። ያኔ «ለጥቂት ቀን ትነዳና እንደገና እናያለን» በሉ። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ኪሎ ሜትሩንም ክሩስኮቱ ላይ ብቻ አትዩት፤ የካምቢዮው ወይም የፍሬኑ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ቁጥር ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፣ ደህና መሣሪያ ያለው ኤሌክትሪሻን ያወጣላችኋል።

ሊብሬው ላይ ከመፈራረማችሁ በፊት ሻጩ አጠገባችሁ ቆሞ አፑን ከስልኩ ያውጣ፣ አካውንቱን ያላቅቅ። እናንተ ስክሪኑን ወደ ፋብሪካው መልሱት፣ የተገናኙትን ስልኮች በሙሉ አጥፉ። ሁለቱንም ቁልፍ ተቀበሉ፣ መኪናው የሚያውቃቸው ቁልፎች ስንት እንደሆኑ በመሣሪያ አስቆጥሩ። ከእጃችሁ ካለው አንድ እንኳ ከበለጠ ትርፉን አስሰርዙ። ጂፒኤስ ካለ ሲሙን አውጡና የራሳችሁን አስገቡ፣ ካልፈለጋችሁት ደግሞ በባለሙያ አስነቅሉት። ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ቁጠሩ።