ከተከፈለ በኋላ እርከኑ ለምን ይፈርሳል? ችግርና መፍትሄ ለተፋሰስ ኮሚቴዎች

የጮቄ ተራራ ውሃ የሚወርደው ወደ ዓባይ ነው። ላይ ያለው ገበሬ አፈሩን ሲያስቀር ዋናው ተጠቃሚ ታች ያለው ነው፤ ስለዚህ ላይ እርከን ለሚሠራው ገበሬ የሚከፈለው ገንዘብ እንደ እርዳታ ሳይሆን እንደ ሥራው ዋጋ ይታይ። አከፋፈሉ ሲበላሽ የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

ምልክት፦ በጥር የተሠራው እርከን ሰኔ ላይ ታርሷል

ምክንያት፦ «ገበሬው አልገባውም» ይባላል። በሚገባ ገብቶታል! እርከን መሬት ይሻማል፣ በሬ ማዞሪያ ያሳጣል፣ አይጥ ይራባበታል። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር በተካሄደበት በአንጀኒ፣ ደምበጫ አካባቢ፣ ከእርከን በላይ ውሃ መተኛቱም ችግር ሆኖ ታይቷል። ገበሬው የተከፈለው ለቁፋሮው ቀን ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ግን በየዓመቱ ይመጣል።

መፍትሄ፦ በመጀመሪያ የተወሰደበትን መሬት አስሉ። 50 በ50 ሜትር በሆነ አንድ ቃዳ ላይ 1.5 ሜትር ስፋት ያላቸው አራት እርከኖች ቢወጡ 300 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 12 በመቶው ይሄዳል። ከዚያ ላይ የሚታፈሰው ጤፍ ስንት ያወጣል? ከዚህ በታች የሚከፈል ከሆነ እርከኑ መፍረሱ አይቀርም። ከክፍያው ግማሹ ሥራው ሲያልቅ፣ ግማሹ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ላይ እርከኑ ቆሞ ሲገኝ ይሰጥ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም እንዲሁ ታይቶ ይከፈል። እርከኑ ላይ ደሾ ሣር ወይም ትሪሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ ትከሉ፤ የከብት መኖ ሲያወጣ ገበሬው ራሱ ይጠብቀዋል። ውሃ በሚተኛበት ማሳ ደግሞ እርከኑ በትንሹ ወደ ቦይ ያዘንብል።

ምልክት፦ ገንዘቡ ተወስዷል፣ እርከኑን ግን የሚጠግን የለም

ምክንያት፦ ክፍያው የይዞታ ደብተር ላለው ደርሷል፤ የሚያርሰው ግን የእኩል አራሽ ነው። ጉልበት ያጡ አሮጊቶች መሬታቸውን ለእኩል ሲሰጡ ይህ ይበዛል።

መፍትሄ፦ የሁለቱም ድርሻ ገና ሲጀመር በሽማግሌ ፊት በጽሑፍ ይስፈር።

ምልክት፦ ምንጩ ዳር ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆነ

የተከፈለው በችግኝ ቁጥር ስለሆነ ነው። ምንጭ አጠገብ ለዋንዛ፣ ለብሳና ወይም ለቀርከሃ ብቻ፣ ያውም ሁለት በጋ ላለፈ ችግኝ ክፈሉ።

ምልክት፦ ፕሮጀክቱ ሲወጣ ክፍያው ተቋረጠ

ምክንያት፦ ከፋዩ ተጠቃሚው አልነበረም። ኮስታሪካ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለደን ባለይዞታዎች ስትከፍል አንዱ ምንጯ የነዳጅ ግብር ነው፤ የማይነጥፍ ምንጭ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

መፍትሄ፦ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ ከላይ የሚታጠበው አፈር ወደ እሱ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ላይ ላሉት ገበሬዎች የሚከፈል ትንሽ መዋጮ ከየአባሉ በቃዳ ይሰብስብ፤ ጊዜውም የመስኖ ስንዴ ተሽጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲኖር ይሁን። የላይኞቹ ተወካዮች መዝገቡን አብረው ይፈርሙ፣ ስንት ገባ ስንት ወጣ የሚለውም ሁለቱም ወገን በተሰበሰበበት ይነበብ።