ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ሲያሳርፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአየር ወደ ደሴ የሚሄድ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል በላይ 6,000 ጫማ ገደማ ላይ፣ ዙሪያውን በተራራ ታጥሮ ይገኛል። ለደከመ አብራሪ ፋታ የሚሰጥ ቦታ አይደለም።

ዓይንን አምኖ ፍጥነት መቀነስ፦ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ የኮምቦልቻ አየር የ9,000 ጫማ ከፍታ አየር ያህል ይሳሳል። የፍጥነት ጠቋሚው 65 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ሲያሳይ አውሮፕላኑ የሚሄደው በ75 ኖት ገደማ ነው። ከአፋር ቆላ የመጣ አብራሪ መሬቱ ከለመደው በላይ ሲሮጥበት «ፈጥኛለሁ» ብሎ ኃይል ይቀንሳል፣ አፍንጫውን ያነሳል። ይህን ወደ ፋይናል (ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስደው የመጨረሻ ቀጥታ መስመር) ሲታጠፍ ካደረገው ስቶል ይገባል፣ ማለትም ክንፉ ማንሳት ያቆማል፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ማስተካከያ ጊዜ የለም። በጠቋሚው ላይ የሚይዙት ፍጥነት ቆላ ከሚይዙት ጋር አንድ ነው። የሚጨምረው መሬት ላይ የሚንከባለሉበት ርቀት ነው፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ ይረዝማል።

ሚክስቸርን (ነዳጅና አየር የሚመጥነውን እጀታ) እስከ ጫፍ መግፋት፦ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጉልበቱም ሊያስነሳዎት በሚገባው ሰዓት ይከዳል። ሳያርፉ በፊት ለከፍታው ያስተካክሉት። ተስተካክሎም ቢሆን ሙሉ ኃይሉ በባሕር ወለል ከሚሰጠው ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

«እንደምንም አርፋለሁ» ማለት፦ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ድካም ቀድሞ የሚነካውም ይህንኑ ውሳኔ ነው። የደከመ አእምሮ የጀመረውን መተው ይከብደዋል። ስለዚህ ውሳኔውን አስቀድመው ይጨርሱት፦ ከመሬት 500 ጫማ ላይ ፍጥነቱ ከታቀደው ከ5 ኖት በላይ ከራቀ፣ ወይም ከመሃል መስመር ከወጡ፣ ጎ አራውንድ፦ ማረፉን ትተው እንደገና ይነሱ። ነጥረው ከተነሱም ያው ነው። አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት የፊት ጎማውን ይሰብራል፣ ፕሮፔለሩን መሬት ያስመታል። በሴስና 172 ቅደም ተከተሉ ሙሉ ኃይል፣ ካርቡረተር (ነዳጅና አየር ማደባለቂያ) ካለው ማሞቂያውን መዝጋት፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ሳንቃ) ወዲያው ወደ 20 ዲግሪ ነው። የቀረውን ፍላፕ ከፍታ ሲይዙ ቀስ በቀስ ይሰብስቡ።

ድካምን በቡና መሸፈን፦ ቡና እንቅልፍን አይተካም። 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ችሎታው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ከአዲስ አበባ በጣርማ በር በኩል የሚመጣ ደግሞ የኦክስጅን እጥረት ይጨመርበታል፤ ከ10,000 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆዩ ከሆነ ኦክስጅን ይያዙ። ከፍታው በ100 ጫማ እየተንሸራተተ ሳያስተውሉት ከቀሩ፣ የሬዲዮ መልእክት ሁለቴ ካስደገሙ፣ ደክመዋል። ጠዋት መጥቶ፣ ደሴ ወጥቶ ሥራ ጨርሶ፣ ሳይመሽ ልድረስ ብሎ የሚጣደፍ ሰው ኮምቦልቻ ቢያድር ይሻለዋል።

ነፋስን ችላ ማለት፦ ነፋሱ 12 ኖት ሆኖ እስከ 20 የሚመታ ከሆነ የልዩነቱን ግማሽ፣ 4 ኖት፣ በማረፊያ ፍጥነትዎ ላይ ይጨምሩ።

ጎማው እንደነካ እጀታ መነካካት፦ ጎማው በሚታጠፍ አውሮፕላን ላይ ፍላፕ እሰበስባለሁ ብሎ የጎማውን እጀታ መሳብ የታወቀ የድካም ስህተት ነው። ከማኮብኮቢያው ወጥተው እስኪቆሙ ድረስ ሁለቱንም አይንኩ።