የአባባ አውራ ጣት ሲያብጥ፦ ከሥጋው በፊት ስለ ድሮ ሥራቸው ይጠይቁ

አጎቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የመኪና ባትሪና ራዲያተር ሲጠግኑ ኖረዋል። ሥራውን ካቆሙ በኋላ አንድ ሌሊት የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ቲማቲም መስሎ ነደደ። የጋቢው ጫፍ ሲነካው እንኳ ይጮኻሉ። «ብርድ መትቶኝ ነው» አሉ። ጎረቤት ደግሞ «ሪህ ነው፣ ጥሬ ሥጋ በዝቶ ነው» ብሎ ፈረደ። አጎቴ ሥጋ የሚቀምሱት ከበዓል በዓል ነው። የሄድንበት ክሊኒክም ስለ ሥጋና ስለ ጠላ ጠይቆ መርፌ ወግቶ ሸኘን። ስለ ሥራቸው የጠየቀ የለም።

ሪህ የሚያመጣው ዩሪክ አሲድ ነው። አብዛኛው የሚመነጨው ከራሳችን ሰውነት ነው፤ ከገበታ የሚመጣው ያነሰ ነው። ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊት ሲደክም አሲዱ ይጠራቀማል። ኩላሊትን ቀስ አድርገው ከሚያደክሙት ነገሮች አንዱ እርሳስ ነው። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ውስጡ ግራፋይት ነው። ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ነው የምለው።

የእርሳስ ክፋቱ አለመቸኮሉ ነው። በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ እዚያም አሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ዕድሜ ሲገፋ አጥንት ይሳሳል። ያኔ የተቀበረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ «ሥራውን ከተውኩ 10 ዓመቴ» ማለት ከጉዳዩ ነፃ አያወጣም።

እናትዎ ወይም አባትዎ እንዲህ ዓይነት ሕመም ካለባቸው እንዲህ ያድርጉ።

1. ቡና ተፈልቶ ታሪካቸውን ይጻፉ

አንድ ወረቀት ይያዙ። ከወጣትነት ጀምረው ምን ሠሩ? ባትሪ፣ ራዲያተር፣ ብየዳ፣ ቀለም ቅብ፣ የድሮ ማተሚያ ቤት የፊደል ለቀማ፣ የቆራሌ ዕቃ መግዛትና ማቅለጥ ሁሉ ይጻፍ። ነዳጅ ማደያም አይረሳ፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እርሳስ ያለበት ቤንዚን የቀረው እስከ 2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባለው ጊዜ ነው። ስንት ዓመት እንደሠሩና የት ይበሉ እንደነበርም ይጠይቁ። አጎቴ ምሳቸውን የሚበሉት ያው ባትሪ የሚፈቱበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። እጃቸውን በቤንዚን ነው የሚያጸዱት።

የቀድሞ ወታደር ከሆኑ ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሰውነታቸው ውስጥ የቀረ ጥይት አለ? በተለይ መገጣጠሚያ ውስጥ የቀረ ጥይት ከዓመታት በኋላ እርሳስ ወደ ደም ሊለቅ ይችላል። በእኛ አካባቢ «ጥይቱ እዚህ አለ» ብለው ጉልበታቸውን የሚያስነኩ አባቶች ጥቂት አይደሉም። ይህን ለሐኪም መንገር እንደ ወሬ ይቆጥሩታል፤ እርስዎ ይንገሩላቸው።

2. ጓዳ ይግቡ

ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ሊጥ የሚቦካው ወይም ጠላ የሚጠነሰሰው የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው? ይቀየር። ሊጥም ጠላም ይኮመጥጣሉ፤ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ ዕቃው ላይ እርሳስ ካለ እያሟሟ ይወስደዋል። ከቁርጥራጭ ብረት በሰፈር ቀልጦ የሚሠራ ድስትም ያው ነው። ውስጡ ምን እንደገባ ሠሪውም አያውቅ። ቢያንስ ቲማቲም የበዛበት ወጥ አይሠራበት፣ ምግብም አይደርበት። በሌሎች አገሮች እንዲህ ካሉ ድስቶች እርሳስ ሲወጣ ተለክቷል።

አረቄ የሚወጣበት ቤት ከሆነ ቧንቧውን ይዩ። በሸክላ ማሰሮና በሸምበቆ ሲወጣ የኖረው ለዚህ አያሰጋም። ችግሩ በእርሳስ የተበየደ ቧንቧ ወይም አሮጌ ራዲያተር ሲገባበት ነው። አሜሪካ ውስጥ በመኪና ራዲያተር የተጣራ የቤት አረቄ የጠጡ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሪህ ይዟቸዋል። እርሳስ የሌለበት አረቄም ቢሆን ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፤ ይህን ለአጎቴ መንገር ግን ከበሽታው ይከብዳል።

ኩልም ይጠየቅ። አንዳንዱ ኩል ዋና ነገሩ እርሳስ ነው።

3. ምርመራውን በትክክለኛው ጊዜ ያሠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሕመሙ በተነሣበት ቀን ዩሪክ አሲድ ሲለካ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ነፃ ነህ» የሚል ወረቀት ይዞ ከመመለስ፣ እብጠቱ ከጠፋ 2 ሳምንት ያህል ቆይቶ እንደገና ማስለካት ነው። በደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ ጨው እየሆነ መገጣጠሚያ ላይ ይቀመጣል። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ከገላችን በጣም ከሚቀዘቅዙት አንዱ የእግር ጣት ነው። አጎቴ «ብርድ ነው» ሲሉ ጨርሶ አልተሳሳቱም ማለት ነው። የደብረ ብርሃንን ሌሊት ያየ ያውቀዋል።

ከዩሪክ አሲዱ ጋር የኩላሊት ምርመራ፣ ክሪያቲኒን የሚባለው፣ ይታዘዝ። የደም ግፊትም ይለካ። ሪህ፣ የደከመ ኩላሊትና ግፊት ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ያን የጻፉትን ወረቀት ያውጡና «ከእርሳስ ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። የእርሳስ ምርመራ በየላቦራቶሪው አይገኝም፤ የት እንደሚላክ ሐኪሙ ይንገርዎ። የዓለም ጤና ድርጅት 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ ይወገድ ይላል።

ጣቱ አብጦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ ግን ወረቀትም ቡናም ይቅር። መገጣጠሚያው መግሎ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

4. የመድኃኒቱን ፌስታል ይዘው ይሂዱ

ለግፊት የሚሰጡ አንዳንድ የሽንት መድኃኒቶች፣ እነ ፍሮሰማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ እንዲሁም ለልብ የሚወሰደው ትንሿ አስፕሪን ዩሪክ አሲድ ይጨምራሉ። በራስ ሥልጣን ማቆም የለም፤ ሐኪሙ ይየው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዳይክሎ (ዳይክሎፌናክ) የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። ሕመም ባመማቸው ቁጥር ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡት ያንኑ የደከመ ኩላሊት ይመታዋል። ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው አሎፑሪኖል ከታዘዘ በትንሽ መጠን ይጀመራል፤ ሕመሙ ስለተነሣ ብቻም አይቋረጥም።

«እርሳስን ያጥባል» እየተባለ የሚሸጥ ቅጠልና ሻይ አለ። ኮሶ ጠጥቶ መሻርም ይነገራል። አያወጣውም። እርሳስ የሚያስወጣው መድኃኒት በሐኪም ክትትል ብቻ የሚሰጥ ነው።

5. ገበታው

ጉበትና ኩላሊት ይቅሩ፣ ቀይ ሥጋ ይቀነስ፣ ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ። ሽሮና ምስርን ግን አይክሰሱ። ሰውነት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለወጠው ፒዩሪን ቢኖራቸውም የሪህን አደጋ ሲጨምሩ አልታየም፤ ጾመኛውን አያስጨንቁት። ጾም ላይ የሚያሳስበው ውሃ ሳይጠጡ መዋል ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ያልበዋል፣ መንዝ ላይ ያለ ደግሞ በብርዱ ውሃ አይጠማውም፤ ሁለቱም ደርቀው ይውላሉ። የልብ ወይም የከፋ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ስለ ውሃው መጠን ሐኪም ይጠይቁ። ከጾም ውጭ ወተትና እርጎ ጥሩ ናቸው። ካልሲየም ሲበቃ አንጀት እርሳስን አሳንሶ ይወስዳል።

የአጎቴን ጋራዥ አሁን የያዘው ልጃቸው ነው። ባለፈው ስሄድ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ምሳ ቀርቦለት ነበር። አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡና ሳህኑን አንሥተው ወደ ውጭ ወጡ። ሳሙናውን አቀበሉት፣ ቱታውንም በር ላይ አስወለቁት።